የጐጃም መንገዶችና የመዝጋቢዎቻቸው ነገር

ፍኖት በግዕዝ መንገድ ማለት ነው። ከደምበጫ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ከተማ ፍኖተ ሰላም መባልዋም ከዚሁ ቃል የመጣ ስለ ሆነ፣ ምዕራብ ጐጃም በከተማዋ ስም ሳይቀር መንገድን የምታስታውስ አገር ናት። ነገር ግን መንገዶቿን በጽሑፍ ያኖሩልን እነማን ናቸው? ያኖሩትስ እርስ በርሱ ይስማማልን? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህን ለመመርመር ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ፤ የምጠቅሳቸው መጻሕፍት የሚቈጥሩት በዚያው ነውና። ስለ ወጥነት የሚጽፍ ሰው ራሱ ሁለት አቈጣጠር ቢያደባልቅ ማን ይሰማዋል?

በደምበጫ ገበያ የዋለ እንግዳ «ቡሬ ለመድረስ ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብሎ ሦስት ሰዎችን ቢጠይቅ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ያገኛል። አህያ ጭኖ የሚነግደው ሰው በአህያው እርምጃ ይቈጥራል። በቅሎ የለመደው በበቅሎ ይቈጥራል። ለቅሶ ለመድረስ ሌሊቱን ሁሉ የገሠገሠው ደግሞ የእነርሱን እኩሌታ ይናገራል። ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም። በዚህ ላይ ክረምት ሲገባ እንደ ጠምጫና እንደ ብር ያሉ ወንዞች ይሞላሉና፣ በጥር እውነት የነበረው መልስ በነሐሴ ሐሰት ይሆናል። አባቶቻችን ለዚህ ነገር ምዕራፍ የሚል ያማረ ቃል ነበራቸው። ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ የሚያርፍበት ስፍራም ነው። መንገድን በማረፊያው የሚቈጥር ሰው ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ውኃው፣ ግጦሹና ማደሪያው የት እንደሚገኝ ጭምር ይናገራል። ሆኖም የአንዱ ምዕራፍ ከሌላው ጋር እኩል አይደለምና፣ ቃሉ ለመንገደኛው ቢበቃውም ለመዝጋቢው አልበቃውም።

የኢትዮጵያን መንገዶች ብዙ ሰዎች ተባብረው ያስመዘገቡበት ጥንታዊ ሥራ የተሠራው በሩቅ አገር፣ በቬኒስ ከተማ ነው። ፍራ ማውሮ የተባለው መነኵሴ በ1450 ገደማ የዓለምን ካርታ ሲሥል፣ የሐበሻን አገር አውራጃዎች የሣሉለት የአገሩ ተወላጆች የሆኑ መነኰሳት መሆናቸውን በዚያው በካርታው ላይ ጽፎአል። ከእርሱም በኋላ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የዚያው ከተማ ሰው፣ ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት ወደዚያ የደረሱትን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት እየጠየቀ የመንገዳቸውን ዝርዝር ጻፈ። ይህን ጽሑፍ ክሮፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1958 አሳትሞታል። መነኰሳቱ የተናገሩት በቀን መንገድ ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ቀን፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ይህን ያህል። አንባቢው የሚቸገረው ቀኑ የማን ቀን እንደ ሆነ ሲጠይቅ ነው። በእግሩ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ጾመኛ መነኵሴ የሚውለው መንገድ ከሲራራ ነጋዴ መንገድ ጋር አንድ አይደለምና።

የወጥነት ጉድለት እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የቻርልስ ቤክና የአንቷን ዳባዲ ጠብ ነው።

ቤክ እንግሊዛዊ ነው። ከ1840 እስከ 1843 በኢትዮጵያ ቈይቶ፣ ከዚህም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጐጃም አሳለፈ። በደቡብ ጐጃም ወደሚገኘው ወደ ታላቁ የባሶ ገበያ የሚመጡትን ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ስላለው አገር ይጠይቅ ነበር። ከሰባ የሚበልጡ ስፍራዎችን ኬክሮስ ለክቶ መንገዶቹን በለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት አሳተመ፤ ማኅበሩም በ1845 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ዳባዲ ደግሞ ፈረንሳዊ ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምፅዋ ገብቶ ዐሥር ዓመት ያህል በአገራችን ኖረ። አርኖ የጐጃሙ የደጃዝማች ጎሹ ወዳጅ ነበር። የአንቷን አሠራር ከመንገድ ይልቅ በተራራ ላይ የተመሠረተ ነበር። ይኸውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቴዎዶሊት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተክሎ፣ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ በማዕዘን ይመዘግብ ነበር። ያው ጫፍ ከሌላ ስፍራ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲታይ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ስፍራውን ይወስነዋል።

ዳባዲ ከፋ ድረስ መሄዱን በደብዳቤ ባስታወቀ ጊዜ ቤክ አላመነም። በልዩ ልዩ ጊዜ የተጻፉትን ደብዳቤዎች እርስ በርሳቸው አስተያየ፤ የማይስማማ ነገር አገኘሁባቸው በማለትም በ1850 ጉዞውን የሚጠራጠር መጽሐፍ አወጣ። ነገሩም እየከረረ ሄዶ የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጠውን የወርቅ ሜዳይ እስከ መመለስ ደረሰ። ኋላ የመጡ ተጓዦች ሲመረምሩት ግን ዳባዲ በነገሩ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። (ስለ ዓባይ ዋና ምንጭ የተከራከረው አሳቱ ግን አልጸናለትም፤ በዚህ ቤክ ልክ ነበር።) እኔ እንደሚመስለኝ ሰውዬውን ከጥርጣሬ ያዳነው የማዕዘኑ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ከመጀመሪያው ተራራ እስከ መጨረሻው በአንድ ሥርዐት የተያዘ ስለ ነበረ፣ ራዶ የተባለ ሌላ ሊቅ አስተካክሎት በ1873 ሲታተም ማንም ሰው እንደ ገና ሊያሰላው ቻለ። ደብዳቤ የጸሐፊውን እምነት ይጠይቃል፤ ወጥ መዝገብ ግን የሚጠይቀው ስሌት ብቻ ነው። ዳባዲ ስለ ስሞችም የተጠነቀቀ ሰው ነበር፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው የተራራን ስም እንደ ሰማው ብቻ ጥሎት አያልፍም።

በስም ነገር ሌሎቹ እንዲህ አልተጠነቀቁም። እኛ ራሳችን ደምበጫና ደንበጫ እያልን በሁለት መንገድ እንጽፋለን። ጣልያኖች በፊደላቸው ደምበቻ ሊያሰኝ በሚችል አጻጻፍ ጽፈውታል፤ ስለ 1941 ጦርነት የጻፉ እንግሊዞች ደግሞ ዳምባቻ ይሉታል። መጻሕፍቱን አገሩን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ሦስት ከተማ ያለ ሊመስለው ይችላል።

የጣልያን የቱሪስት ማኅበር በ1938 ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ በወጥነቱ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። የመኪና መንገዱን፣ ጥርጊያውን፣ የሲራራውንና የበቅሎውን መንገድ በየስማቸው ለይቶ፣ ኪሎሜትሩን ከመነሻው ጀምሮ ይደምራል። ይሁን እንጂ ያ ዓመት የጐጃም አርበኞች በጠላት ላይ የተነሡበት ዓመት ነበርና፣ በመጽሐፉ ላይ በሥርዐት የተዘረዘረውን መንገድ ጣልያን ራሱ እንደ ልቡ ሊሄድበት አልቻለም። መዝገቡ የተስተካከለ ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን በውስጡ አልነበረም።

የመንገድ መዝገብ ቀኑ ሊጻፍበት እንደሚገባ የሚያስተምረን ደግሞ በሞጣ በኩል ጐጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የዓባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጐተተ ይሻገር ነበር። በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። «እዚህ ድልድይ አለ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር እንግዲህ በየዘመኑ እውነትም ሐሰትም ሲሆን ኖሮአል።

ዛሬ መንገድ የሚመዘግበው አንድ ሊቅ ወይም አንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የጋራ ካርታ የፈቀደ ሁሉ የሚጨምርበት ነው፤ የጐጃም ገጠር የእግር መንገዶችም በዚሁ በጥቂት በጥቂቱ ይገባሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ግን የጥንቱ ነው። አንዱ ሰው የከብቱን መንገድ የእግር መንገድ ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛው ያንኑ የመኪና ጥርጊያ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ከሩቅ አገር ተቀምጦ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ያየውን መስመር ያለ ስም ይሥላል። የመንገድን አስቸጋሪነት ለመግለጽ የተያዘው ደረጃ ከስዊስ የተራራ ወጪዎች ማኅበር የተወሰደ ነው፤ ለገደልና ለበረዶ መልካም ይሆናል፣ ስለ ሐምሌ ጭቃ ግን አንዳች አይነግረንም። ካርታው ለተለዋጭ ስም፣ ለመሻገሪያና ለወቅት ስፍራ አለው። ስፍራው ባዶ የሚቀረው የሚሞላው ሰው ሲታጣ ነው።

አውራ ጐዳናው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ይነካልና፣ ለእርሱ መዝገብ አይቸግረውም። የሚቸግረው ከእርሱ ወዲያና ወዲህ ለሚለየው ቀጭን መንገድ ነው። የክትባት ሣጥን አንግታ ወደማታውቀው መንደር የምትወርድ የጤና ሠራተኛ በካርታዋ ላይ «መሻገሪያ» የሚል ቃል ብቻ ብታገኝ፣ ወንዙ ዳር የምትደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ከላይ ዘንቦበት በሚደፈርስበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከቃሉ ቀጥሎ «በጫነ አህያ ግማሽ ቀን፤ ከሰኔ እኩሌታ እስከ መስከረም መጨረሻ አይሻገሩትም፤ በዚያን ጊዜ በላይኛው ድልድይ ይዞራል፤ የታየው በዚህ ወር በዚህ ዓመት» የሚል ቢጻፍ ግን፣ ገና ከደምበጫ ሳትነሣ ሌላውን መንገድ ትይዛለች።