የፊደልና የቁልፍ ዜና በካፋ ምድር

ከካፋው ንጉሥ ከጋኪ ሸሮቾ መያዝ እስከ ዘመናችን ድረስ በካፋ ምድር በምን ፊደል፣ በምንስ መሣሪያ ይጻፍ እንደ ነበረ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን ወደ ካፋ አዘመቱ። የካፋው ንጉሥም ወራት ሙሉ በጫካ ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ በአዲሱ ዓመት መባቻ ተያዙ። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ደብዳቤ በአማርኛ ሆነ፤ ብዕርና ቀለም የያዘ ጸሐፊም ከሹሙ ጋራ ገባ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ፍሪድሪክ ቢበር የተባሉ ኦስትሪያዊ መጥተው የአገሩን ሥርዓት መረመሩ፤ የካፋንም ቃል በላቲን ፊደል መዝግበው ሄዱ። እንዲህም የአማርኛና የላቲን ፊደላት በዚያች ምድር ተገናኙ።

ከዚህም በኋላ የጽሕፈት መኪና መጣ። መኪናው ለፈረንጅ ፊደል የተሠራ ነበርና ቁልፉ ከአርባ ብዙም አያልፍም፤ የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበዛል። ለዚህ ጭንቅ መላ ከፈለጉት መካከል የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፈልሳፊ ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው ይነሣል። የጣልያኑ ኦሊቬቲም የአማርኛ መኪና ሠርቶ አወጣ። የመኪናውም ጥበብ ፊደሉን ከፋፍሎ መቀጠል ነበር፤ ታይፒስቱ ቡን ሲጽፍ በን ይመታል፣ ቀጥሎም ቅጥያዋን በወገቡ ያስጠጋል። ቅጥያዋ ዝቅ ብላ ያረፈች እንደሆነ ቡን ከቢ መለየት ለአንባቢው ድካም ሆነ።

በ1953 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ሴሌክትሪክ የሚባል የጽሕፈት መኪና አወጣ። ፊደል የሚመቱትን በትሮች አስቀርቶ ሎሚ የምታህል ኳስ አበጀ፤ ኳሷም 88 ምልክት ተቀርጾባት እየዞረችና እያዘነበለች ወረቀቱን ትመታ ነበር። ጸሐፊው አንዷን ነቅሎ ሌላዋን ቢተክል ፊደሉ ይለወጣል። 2741 የሚባለው የኮምፒውተር ተርሚናልም በዚህችው ኳስ ይጽፍ ነበር፤ ኤፒኤል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የብቻው ኳስ ተበጀለት። ለ231 ፊደል ግን 88 ስፍራ ከየት ይበቃል? ሙሉውን ለመጻፍ ሦስት ኳስ ያስፈልጋል፤ በየቃሉ መካከል ኳስ እየነቀሉ መትከል ደግሞ የሚሞከር አይደለም።

ኮምፒውተር ሲስፋፋ በባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተነሡ። ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ደከሙ፤ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅም ፊደሉ በላቲን ቁልፍ የሚጻፍበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ደነገጉ። በ1992 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ፊደላት ስፍራ የሚመድበው ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለፊደላችን 345 ስፍራ ሰጠ። ያን ጊዜ ፊደሉን መቆራረጥ ቀረ።

በካፋም የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ስለ ፈቀደ የካፋ ቋንቋ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ገባ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆነ፤ የካፋዋ ከተማ ቦንጋም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። ስለዚህ በቦንጋ አንዱ ኪቦርድ ለሁለቱም ፊደላት ያገለግላል። ጸሐፊው ቢ፣ ኦ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኤ የሚሉትን አምስት ቁልፎች በተራ ቢነካ፣ በላቲን አምስት ፊደል ይወጣል፤ ወደ አማርኛ አዙሮ ያንኑ ቢነካ «ቦንጋ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ይቆማሉ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። እንግዲህ መዝገብ ቤት የምትጠብቁ ሁሉ፣ አሮጌውን ፋይል የሚያነበው ፎንት ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ አዛውሩ፤ አዲሱንም በዩኒኮድ ጻፉ።