ስለ ሰይጣን ስም ትርጓሜ

ሰይጣን የሚለው ቃል ጥንቱ ዕብራይስጥ ነው፤ ሲፈታም ተቃዋሚ፥ ባላጋራ፥ ከሳሽ ማለት ነው። ዛሬ ይህ ስም ሲጠራ የወደቀው መልአክ ብቻ ይታሰባል፤ ቀድሞ ግን የግብር ስም ነበረ፤ የአካል ስም የሆነው ኋላ ነው።

ይህ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 በለዓም በአህያው ተቀምጦ ሲሄድ የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፉን መዝዞ በመንገድ ቆመበት። ዕብራይስጡም ለዚህ ቅዱስ መልአክ ያንኑ ቃል ይናገርለታል። ቅዱሱን ስለ ምን እንዲህ አለው ቢሉ፥ ጠማማውን መንገድ ተቃወመ ሲል ነው። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 29 የፍልስጥኤም መኳንንት ዳዊት በሰልፍ መካከል እንዳይከዳቸው ፈርተው ሲመልሱት፥ የፈሩት በዚሁ ቃል ተነግሯል። በቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 11 በሰሎሞን ላይ የተነሣው ኤዶማዊው ሃዳድም እንዲሁ ተብሏል።

በመጽሐፈ ኢዮብና በትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 3 ግን ቃሉ በሰማይ ሸንጎ ቆሞ ሰውን ወደሚከሰው ዞረ። ዳዊት ሕዝቡን ስለ መቍጠሩ ሲነገርም፥ ሳሙኤል የእግዚአብሔርን ቍጣ ያነሣል፤ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ሰይጣንን ያነሣል።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪት በእስክንድርያ ወደ ጽርዕ መመለስ ጀመረ፤ ሌሎቹም መጻሕፍት ተከተሉ። ተርጓሚዎቹ የኢዮብን ከሳሽ ዲያብሎስ አሉት፤ ነገር ሠሪ፥ ሐሜተኛ ማለት ነው። ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍት ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ሁለቱም ስሞች ገቡ። ነገር ግን ሥራቸው በግዕዝ ስለሌለ፥ ሰሚው ስሙን ይሰማል እንጂ ተቃዋሚ የሚለውን ፍች አይሰማም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታ ጴጥሮስን በዚህ ስም መገሠጹ ስለዚህ ነው። ጴጥሮስ ጋኔን ሆኖ አይደለም፤ ወደ መስቀል የሚወስደውን መንገድ ስለ ተቃወመ ነው እንጂ።

እንግዲህ ሰው የሚነቀፈው ስለ ተቃወመ ብቻ አይደለም፤ በተቃወመው ነገር ነው። ዳኛም ቢሆን መምህር፥ ምክሩን የነቀፈውን ሁሉ ሰይጣን ከማለቱ አስቀድሞ የራሱን መንገድ ይመርምር። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ መታት፤ መልአኩን ግን አስቀድማ ያየች እርስዋ ነበረች።