ሳንክሽን ሁሉ ማዕቀብ አይደለም

አንዳንድ ተርጓሚዎቻችን «ሳንክሽን»ን ባዩ ቁጥር «ማዕቀብ» ብለው ያልፋሉ። ከላቲን የመጣው ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ግን ማጽደቅም መቅጣትም ነው፤ መንግሥት «ሳንክሽን ያደረገው» ጉዞ የተፈቀደ እንጂ የተከለከለ አይደለም። ቃሉ በብዙ ቁጥር «ሳንክሽንስ» ተብሎ በአገር ላይ ሲጣል፣ ያኔ አዎ፣ ማዕቀብ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ኅዳር 1928 ዓ.ም. በወራሪዋ ጣሊያን ላይ የጣለው ይህንኑ ነበር፤ ነዳጅን ሳይጨምር (ሙሶሊኒ የፈራው ደግሞ የነዳጁን ነበር!)። የእኛው ቃል የተወለደው ከግእዙ «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው፤ ለ«ዐቃቤ ሕግ»ም ዘመዱ ነው። ለቅጣቱ እሱ ይሁን፤ ለፈቃዱ «ያጸደቀው» ወይም «የፈቀደው» ይበቃል። «ማዕቀብ ተደረገበት» የምትሉም፣ እባካችሁ፣ «ተጣለበት» በሉ።