ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፖርቶመጋላ

ብስክሌት ልገዛ ነው ስል የአፍንጮ በር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ዳገቱን ማን ሊገፋልሽ?» መቼም እውነት አላቸው። ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን... ሳንባ ያለው ይምጣ!

እስቲ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፖርቶመጋላ፤ ሦስቱም ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፒያሳም እንደዚያው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃላቱ ቀሩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በሜልበርን፣ ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በተደረገው የ187 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር እነ ገረመው ደንቦባ ቡድናችንን 9ኛ አደረጉት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመንገሡ በፊት ማለት ነው!

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌትን የገበያና የሥራ መሄጃ አደረገችው። እኛ አዲስ አበቤዎች ግን የውድድር ዕቃ ነው ብለን ተውነው።

እኔ የምፈልገው መሀለኛውን ነው። የጎዳና ብስክሌት ሆኖ ኮብልስቶን የሚችል ሰፋ ያለ ጎማ የሚገባበት፣ ለዳገት የሚቀል ካምቢዮ ያለው፣ ጭነት ይዞ ቁልቁል ሲወርድ የሚታመን ፍሬን ያለው፣ ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ የብስክሌት መንገድም ተሠራ። መንገዱ ሲመጣ ግን ጎረቤቶቼ ሄደው ነበር። ድሮ ቡና በስኒ እናደርስላቸው ነበር፤ ዛሬ ከተማው ዳር ናቸው።

ፖርቶመጋላው ለምን እንዳስፈለገኝ አሁን ገባችሁ?