ብልሽት በብየዳ

እንግዲህ ወገን፣ ሰሞኑን ብየዳ ጀምረናል። የበርና የመስኮት አይደለም፤ የጊታር ፔዳል ነው። በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ትንሽ ሳጥን፣ «ፈዝ» የሚሉትን፣ በገዛ እጃችን ልንሠራ ተነሣን። (ለጥበብ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የተሠራውን መግዛት አቅቶን ነው።)

ትራንዚስተሮቹን ያገኘነው ከአንዳችን አያት ሬዲዮ ውስጥ ነው። ሬዲዮው ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፎታል። እማማ ግን ሟች ባለቤታቸው ዜና ይሰሙበት ነበርና፣ «በሉ እንዳታበላሹብኝ» ብለው ነው የሰጡን። የተበላሸ ነገር እንዴት ይበላሻል ብላችሁ አትሳቁ። የፈዝ ታሪክ ራሱ ከብልሽት ነው የሚጀምረው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ናሽቪል ውስጥ ነው። ማርቲ ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣውን «ዶንት ዎሪ» የተባለ ዘፈኑን ሲቀዳ፣ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ የሚያልፍበት የሚክሰር መስመር ተበላሸ። ቤዙ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ ይጮህ ጀመር። እንዳለ ተዉት፤ ዘፈኑም ተወደደ። ሌሎች ሙዚቀኞች ያንን ድምፅ ፈልገው ሲመጡ ግን መስመሩ ጭራሹን ሞቶ ነበር! የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ከሬቪስ ሆብስ ጋር ሆኖ ብልሽቱን በትራንዚስተር መልሶ ሠራው። ጊብሰንም በ1962 «ማይስትሮ ፈዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ ጊታርን እንደ መለከት ያስጮኻል እያለ። ገዢ ግን አልነበረውም። በ1965 ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲረግጠው ነው ከየሱቁ ተጠራርጎ ያለቀው። እሱም ቢሆን ያስገባው በኋላ በመለከት ሊተካው አስቦ ነበር።

የእኛው በ1966 ለንደን ውስጥ የወጣው የ«ፈዝ ፌስ» ቅጂ ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት ማዞሪያ፤ አለቀ። ትራንዚስተሮቹ የጊታሩን ሞገድ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ከሚችለው በላይ ያጎሉታል። የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሻካራው ድምፅ ይኸው ነው።

እኛ ግን ብልሆች ነን። የድሮዎቹ የጀርማንየም ትራንዚስተሮች በብዛት ፒ.ኤን.ፒ. ስለሆኑ፣ በሥዕሉ ላይ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። «ሠዓሊው ተሳስቷል» ብለን አረምነው! ባትሪውን ሰካን። ዝም። ጊታሩም ዝም፣ እኛም ዝም። ሌላ ትራንዚስተር የለንም፤ እማማ ደግሞ ማዶ ክፍል ናቸው።

ሽቦዎቹን ፈትተን እንደ ሥዕሉ መልሰን በየድን። ካውያው የአንዳችንን ጣት ላሰ (ቁስሉ እስካሁን አለ)። ባትሪው ተሰካ፣ ፔዳሉ ተረገጠ። ሽሽሽ... ከዚያ ክሩ ሲነካ ቤቱን የሞላ ጩኸት!

እማማ ከማዶ፣ «ተሠራ እንዴ? ጣቢያውን ግን በደንብ አልያዘም፤ ትንሽ አዙሩት» አሉን።

አዞርነው።