ጧሪና ቀባሪ፤ የዕድር ታሪክና አረጋውያን አባሎቻችን



በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ዕድር ታሪክ ጥቂት እንድጽፍ በኮሚቴው ታዝዤ ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን በሐሳቤ የመጡት ባለፈው ክረምት የቀበርናቸው አንድ አረጋዊ አባላችን ናቸው። ስማቸውን አላነሣም። እኒህ ሰው በጉልምስናቸው ጫካ ገብተው ከረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ማር ቆርጠው የሚያወርዱ ብርቱ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ዛፍ መውጣቱ ቀረ፤ ልጆቻቸውም እንጀራ ፍለጋ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በስብሰባ ቀን መምጣት ስላቃታቸው መዋጮአቸውን ለመቀበል እኔ ራሴ ከቤታቸው እሄድ ነበር። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብላቸው፣ «አለሁ ልጄ። ጡሩምባ ካልተነፋ እናንተን ማን ያገኛችኋል!» ብለው ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጡሩምባው ለእሳቸው ተነፋ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ሙሉ ለሰው ጠበበ። ንፍሮው፣ ቡናው፣ ቆጮው፣ ምንም አልጎደለም። ዕድራችን በደንቡ መሠረት የሚገባውን ሁሉ አደረገ። እኔ ግን ያንን ሣቅ እያስታወስሁ አፈርሁ።

በአማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚባል አነጋገር አለ። ሁለቱ ቃላት ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። ልጅ የሌለው ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ይላል እንጂ «ቀባሪ የለኝም» ብሎ አያቆምም። መጦር ይቀድማል፣ መቅበር ይከተላል። እንግዲህ ዕድራችን ከሁለቱ ኋለኛውን ብቻ ይዞ ነው የሚኖረው። ታዲያ ከጥንት ጀምሮ ዕድር ማለት ይኸው ብቻ ነበር ወይ? ታሪኩን ስንመለከት እንዲህ እንዳልነበረ እናገኛለን።

ስለ ዕድር አመጣጥ የጻፉ ሰዎች አብዛኞቹ እንደሚሉት፣ ዕድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከጉራጌ አገር ለሥራ የመጡ ሰዎች በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከዘመዱ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ሲሞት ሬሳው ወድቆ እንዳይቀር ጎረቤት ዘመድ ሆነ ማለት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከነፃነት በኋላ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ዕድርም አብሮ ተስፋፋ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ሕዝቡ የእርስ በርስ መረዳጃ ሲጽፉ ዕድርን ከዕቁብና ከማኅበር ጋር አንሥተውታል።

ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩ አያሌ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የሰፈር መንገድ አሠርተዋል፣ ድልድይ ዘርግተዋል፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ አዋጥተዋል። ሰው በሕይወት እያለ የሚጠቀምበትን ሥራ ሠርተዋል ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ሲቋቋሙ ግን እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ቀበሌ ተዛወረ። ዕድርም ወደ ድንኳኑና ወደ ልቅሶው ተመለሰ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዕድር ይኸው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ስለዚህም ዕድር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ብቻ የነበረ ይመስለናል።

ኋላም ችግር ሲመጣ ዕድር እንደገና እጁን ዘረጋ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ በሽታ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ ብዙ ዕድሮች ቀብሩ ስለ በዛባቸው ሒሳባቸው ተናጋ። ያን ጊዜ አንዳንዶቹ ቆም ብለው አሰቡ። አባሉ ከሞተ በኋላ ብቻ ገንዘብ ከማውጣት ታሞ ሳለ ቢጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችም ቢረዱ ይሻላል ብለው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዕድሮች ተባብረው ያቋቋሙት ተስፋ ማኅበራዊና ልማት ማኅበርም አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ በመርዳት ሥራ ላይ ተሰማርቷል። እንግዲህ ዕድርን ለቀብር ብቻ ያደረገው የታሪክ አጋጣሚ ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ወደ አገራችን ወደ ከፋ እንመለስ። የከፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር እስከ ተያዙ ድረስ፣ በዚህ አገር ንጉሥ ብቻውን አይመክርም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባል ሰባት አማካሪዎች ያሉበት ሸንጎ ነበረው። በየመንደሩም ቢሆን ጠብ የሚበርደው፣ የመሬት ድንበር የሚለየው፣ ይህ ዛፍ የማን ቀፎ መስቀያ ነው የሚለው የሚታወቀው በሽማግሌ ቃል ነው። ያረጀ ሰው ዛፍ መውጣት ቢሳነው ምክር ይጠየቅ ነበር እንጂ ከቤት ተዘግቶ አይቀመጥም። የልጅ ልጁ እሳት ዳር ተቀምጦ ይሰማው ነበር።

ዛሬ ይህ ነገር ቀስ በቀስ እየተለወጠ ነው። ልጆቻችን ይማራሉ፤ የተማረ ደግሞ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል፤ ይህም ነውር አይደለም። የሚቀረው ሽማግሌውና አሮጊቷ ናቸው። የእኛ አገር ደግሞ ዝናብ ይበዛባታል። በሌላው አገር ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ሲጫወት ይውላል፤ በቢታ ግን የብዙ ወር ዝናብና ጭቃ ደካማውን ሰው ከደጃፉ አያሳልፈውም። ስለዚህ አንድ አረጋዊ ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ሳይነጋገር ሊሰነብት ይችላል። ጎረቤቱ ሁሉ ዕድርተኛ ሆኖ ሳለ!

«መንግሥት አለ፣ ሕግ አለ» የሚል አይጠፋም። አዎን አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመርዳት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚሠራበት የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብርም ወጥቶ ነበር። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመጦር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ጡረታ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ደመወዝ ለነበረው ሰው ነው። ማር ቆራጩ፣ ቡና ለቃሚዋ፣ እንሰት ፍቃ ልጆቿን ያሳደገች እናት የማንን ጡረታ ትቀበላለች? በ2009 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ ሲጀመር ግን በ11 ትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። እንደ እኛ ላለች የወረዳ ከተማ በቅርብ ያለው ዕድር ነው።

ደግሞም ገንዘብ ብቻውን የማይሞላው ጉድለት አለ። ይህንን የሚያስረዳ አንድ የውጭ አገር ታሪክ ላውጋችሁ። በአሜሪካን አገር በኒው ዮርክ ከተማ የድሆች መርጃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ ነገር አስተዋሉ። አረጋውያኑ ርዳታቸውን ከተቀበሉ በኋላም ቶሎ አይሄዱም፤ ምክንያት እየፈጠሩ ይመለሳሉ። ነገሩ ሲጣራ የሚፈልጉት የሚያነጋግራቸው ሰው ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1943 እ.ኤ.አ. በብሮንክስ ሰፈር አረጋውያን በቀን የሚውሉበት አንድ ቤት ተከፈተ፤ ስሙም በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በዊልያም ሆድሰን ተሰየመ። በዚያ አገር በዓይነቱ የመጀመሪያው ይኸው ነው ይባላል። ዛሬ እንዲህ ያሉት ቤቶች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። አረጋውያን ምሳ ይበላሉ፣ የእጅ ሥራ ይሠራሉ፣ ጤናቸው ይታያል፣ ማታ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1982 እ.ኤ.አ. በቪየና ስለ እርጅና የዓለም ጉባኤ አደረገ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ፣ የአረጋውያን ቀን እንዲሆን ወሰነ።

በአገራችንም ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከመንገድ ዳር የወደቁትን እያነሣ ሲያኖር ዓመታት አልፈዋል። ይህ መጠለያ ለሌለው ሰው ነው፤ ትልቅ ሥራም ነው። የእኛ አረጋውያን ግን ቤት አላቸው፤ ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡም አይፈልጉም። የጎደላቸው ውሎ ነው። ለውሎ ደግሞ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም።

ዕቃ ቤታችንን አስቡት። አግዳሚ ወንበር አለን፣ ጀበናና ሲኒ አለን፣ ትልልቅ ድስት አለን፣ ጣራም አለን። ይህ ሁሉ ሰው እስኪሞት ድረስ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። በሳምንት አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ባልሆነበት፣ ቢከፈትስ? ቡናው በየተራ ከአባላት ቤት ይምጣ፤ ተራ ማውጣት መቼም እናውቅበታለን። ሽማግሌዎቹ ገበጣ ይጫወቱ፣ እናቶች ስፌታቸውንና ጥጣቸውን ይዘው ይምጡ። ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጠይቀን በወር አንድ ቀን የደም ግፊት ይለካላቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የመጣለትን ወረቀት የሚያነብለት አንድ ተማሪ ይቀመጥ። ተማሪውም በዚያው ስለ ጫካው፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ኮረሪማው፣ ስለ ጥንት ዳኝነት ይጠይቅና ይጻፍ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ደኑን የሚያውቁት ሰዎች ግን ሳይጠየቁ እያለፉ ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ስም መጥሪያው ነው። በቀብር የቀረ አባል በስም ተጠርቶ ይቀጣል፤ መዝገቡ አለን፣ ጸሐፊው አለን። ያው መዝገብ በዚያ ቀን ይከፈትና የሽማግሌዎቹ ስም ይጠራ። ለቅጣት ግን አይደለም። የቀረ ካለ፣ በዚያው ቀን ሁለት ሰው ከቤቱ ሄዶ ይየው። ታሞ ይሆን? እንጨት አልቆበት ይሆን? ይህን ብናደርግ ኖሮ የኒያ አባታችንን ሕመም ቀድመን በሰማን ነበር።

በኮሚቴው ፊት ይህን ሐሳብ ሳነሣ አንድ አባል፣ «የቀብር ገንዘብ የቀብር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነካ ማን ያቆመዋል?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ስጋታቸው የብዙዎቻችን ስጋት ነው። በችግር ዘመን ተዋጥቶ የተጠራቀመ ገንዘብ በዋዛ አይበተንም። ስለሆነም እኔ የምጠይቀው ከካዝናው አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ ሆኖ ነው። የሚያስፈልገው የቤቱ ቁልፍ፣ ተራ የሚገባ ሰውና መዝገቡ ነው። ለአንድ ዓመት እንሞክረው። ካልሆነ ቁልፉን መልሰን እንቆልፋለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶች። ዛሬ መዝገባችን ላይ ያለን ሁሉ፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ ነገ ከዚያ አግዳሚ ላይ የምንቀመጥ ነን። ቀባሪ እንዳለን እርግጠኞች ነን፤ ለዚህም ዕድራችን ይመስገን። ጧሪ እንዲኖረን ደግሞ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡ በአጀንዳ ተይዞ ድምፅ እንዲሰጥበት በአክብሮት አሳስባለሁ።