ላትና ቦርጭ

አዲስ አበባን በ1990ዎቹ የሚያውቅ ሰው፣ ከአስፋልቱ ዳር ሚዛን ዘርግተው ይቀመጡ የነበሩትን ልጆች አይረሳቸውም። መንገደኛው ሳንቲም ወርወር ያደርግና ይወጣበታል፤ ልጁ ኪሎውን ያነብለታል፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ከተመዛኞቹ ብዙዎቹ ቁጥሩ ጨምሮ ሲያገኙት ደስ ይላቸው፣ ቀንሶ ሲያገኙት ቅር ይላቸው ነበር። ዛሬ በስፖርት ቤት ሚዛን ላይ የሚወጣው የከተማ ሰው ግን ፊቱ የሚፈካው ቁጥሩ ሲቀንስ ነው። አንድ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስለ ገላው ያለውን አስተሳሰብ እንዲህ የገለበጠው ምን አግኝቶት ይሆን? ይህን ለመረዳት ከከተማው ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

መነሻችን የሰሜን ሸዋ ደጋ ይሁን። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ብርዳም ነው፤ እህሉ ገብስና ባቄላ፣ ከብቱ በግ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ጅራቱ ደግሞ ላት ያጠራቅማል። ላት የበጉ ጎተራ ነው። ሳሩ በለመለመበት ወራት ይሞላል፤ በጋው ሲጠና እንስሳው ከዚያው እየቆነጠረ ይከርማል። የሰውም ገላ በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ካሎሪ ይይዛል፤ ይህም ለአንድ ጎልማሳ የሦስት ቀን ገደማ ስንቅ ማለት ነው። ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቀለብ መሆኑን ለመንዝ ገበሬ የሚነግረው ሐኪም አያስፈልገውም፤ በየቀኑ ከበረቱ ያየዋል።

ክፉ ቀን ደግሞ ለዚህ አገር ባዳ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በከብት እልቂት የጀመረው ታላቅ ረሃብ ስሙ ራሱ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀርቷል። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የዘውዱን መንግሥት ለመጣል ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የ1977ቱ ከትግራይና ከወሎ አልፎ ሰሜን ሸዋንም መታ። በመንዝና በግሼ ደጋ ላይ ኑሮ በበልግ ገብስ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ሲቀር ጎተራው ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለ አገር «ከሳህ» የሚለው ቃል ሙገሳ ሊሆን አይችልም። «ምን አገኘህ? ታመምክ? አጣህ?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረውት ይመጣሉ። «ወፈርክ፣ አማረብህ» ግን ምርቃት ነበር፤ ኑሮ ሰምሮልሃል ማለት ነው።

ሹመትና ሀብትም የሚለኩት በማዕድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው አዳራሽ ሠራዊታቸውንና መኳንንታቸውን በሺህ እየቆጠሩ ግብር ሲያበሉ፣ ሥጋውና ጠጁ የመንግሥት ኃይል መግለጫ ነበር። የጌታ ሰው ሞላ ማለቱ ከማዕረጉ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ያው ቦርጭ ወደ ስድብ ተለወጠ፤ በየፖስተሩ ላይ የሚሳለው በዝባዥ ሆዱ የተነፋ ነበር። ቦርጭን ያወደሰውም ሆነ የረገመው ታዲያ በአንድ ነገር ተስማምቷል፤ ውፍረት የጥቂቶች ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ «ጾማችንስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ካህናቱና መነኮሳቱ እስከ 250 ያደርሱታል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል ይከለከላሉ፤ ጠንካራው ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ይሁን እንጂ ስለ ጾም የሚደነግገው የፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጽ ስለ ወገብ ቅጥነት አይናገርም። ሐሳቡ የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ማስገዛት፣ ኃጢአትን ማስተሥረይ ነው። ጾም ለሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፤ በአንድ ቀን ይፈታል፤ ከጾመኛው ማዕድ የተረፈውም የደሀ ድርሻ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ መንዝ ገብቶ የኖረው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ ጾምና ግብዣ በአማራው ኑሮ ያላቸውን ትልቅ ቦታ አንስቷል። ሁለቱ እየተፈራረቁ የባላገሩን ዓመት ይሠሩታል፤ ዳይት ግን ፋሲካ የለውም።

ዳይት የሚባለው ነገር የመጣው ሞልቶ ከተረፈው አገር ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀባሪ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ቀንሶ እንዴት ክብደቱን እንዳወረደ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ ከመሸጡ የተነሣ ስሙ ራሱ ለመክሳት መጾም ማለት ሆኖ ነበር። ቀጥሎ ክኒኑ ደረሰ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ለፈንጂ ሥራ ያገለግል የነበረ ኬሚካል የማክሻ መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ። ገላን ከውስጥ እያጋለ ስብ ያነድዳል። ዓይን አሳወረ፣ ሰው ገደለ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ተከለከለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ፌንፍሉራሚን የልብን በር እየጎዳ ስለተገኘ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲቡትራሚን የልብ ሕመምና ስትሮክን ስለሚያባብስ ከገበያ ወጡ። ሁለቱም ሲመጡ «ተገኘ!» ተብሎላቸው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስራበ። ጦርነት ያስራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ ማብላት እንደሚገባ ለማወቅ ነው። ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ያህል ካሎሪ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር እንዲራመዱ ተደረገ። የክብደታቸውን ሩብ ገደማ አጡ። ቀዘቀዙ፣ ደከሙ፣ ተነጫነጩ፣ ጨዋታቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ እንኳ ነበሩ። ፈተናው አብቅቶ እንደ ልብ መብላት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ ከበፊቱ የበለጠ ስብ አጠራቀሙ። ልብ በሉ፣ ያ የካሎሪ መጠን ዛሬ በብዙ የዳይት ወረቀት ላይ ከሚታዘዘው እምብዛም አይለይም። ገላ ሆን ተብሎ መራቡንና ዝናብ ቀርቶ መራቡን ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ክፉ ቀን ይላቸዋል፤ ቀን ሲወጣለትም ላቱን ለመሙላት ይቸኩላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። መክሳት በከተማችን ተወዳጅ ከመሆኑ በፊት አንድ አስፈሪ ምዕራፍ አልፏል። የኤድስ በሽታ ኡጋንዳ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲታይ ሕዝቡ «ስሊም» ብሎ ጠራው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውም በዚሁ ስም ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ፣ ለሃያ ዓመት ያህል በድንገት የከሳ ሰው የሰፈር ሹክሹክታ ይከተለው ነበር። ነጻው መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳረስ ፍርሃቱ እየረገበ ሄደ። ያ የሞት ስም የነበረ «ስሊም» የሚለው ቃል ዛሬ በሻይ ካርቶንና በክኒን ብልቃጥ ላይ ተጽፎ ይሸጣል። አጋጣሚው ያስገርማል።

የነዚህ ሻዮች ነገር ደግሞ አባቶቻችንን ያስቃቸው ነበር። ብዙዎቹ የሚሠሩት በሰናመኪ ወይም እርሱን በመሰለ ማስቀመጫ ነው። አባቶቻችን ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ ያመጣውን ትል ለማስወጣት ነው እንጂ ማንም ልክሳ ብሎ አልጠጣውም። የምግቡ ኃይል የሚመጠጠው በቀጭኑ አንጀት ነው፤ ማስቀመጫው የሚሠራው ግን ከዚያ በታች፣ በወፍራሙ አንጀት ነው። ስለዚህ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቀነስክ ቢል፣ ጠጥቶ ሲያድር ይመለሳል። ከዚህ የከፋው የተደበቀው ነው፤ «ከቅጠል ብቻ የተሠራ» በተባሉ የማክሻ እንክብሎች ውስጥ ያ የተከለከለው ሲቡትራሚን ተቀላቅሎ መገኘቱን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ደጋግሞ አስታውቋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ለክብደት መቀነሻ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በእውነት ይሠራል፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። እርሱም ቢሆን ሲቆም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደሚመለስ ጥናት አሳይቷል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚወሰድም አይደለም።

ይህን ስል ውፍረት ችግር አይደለም ማለቴ እንዳይመስል። ስኳር በሽታና ደም ግፊት ዛሬ በየቤቱ ገብተዋል። የከተማ ሰው አይራመድም፤ ዘይቱ፣ ለስላሳው፣ ነጭ ዳቦው በየቀኑ ነው፤ ጾሙ ራሱ በተጠበሰ ሳምቡሳና በፓስታ ይጾማል። ግን አገሪቱን በሙሉ ያየ ሰው ሁለት ገጽ ያያል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ለአንዷ መክሳት ገንዘብ የሚወጣበት ምኞት ሲሆን፣ ለሌላዋ ማምለጥ ያልቻለችው ዕጣ ነው።

አንድ የመንዝ ልጅ አዲስ አበባ ከርሞ፣ ዳይት ይዞ አሥር ኪሎ አውርዶ ለፋሲካ ዘመሮ ቢገባ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም። «ውይ ልጄ! ምነው ከሳህብኝ?» ትለዋለች እናቱ። «ሆን ብዬ ነው እናቴ» ቢላት ልትረዳው አትችልም፤ እርሷ የምታውቀው መክሳት ሆን ተብሎ የሚመጣ አልነበረምና። ልጁ ሊስቅባት አይገባም። ጾሙን የጾመችው፣ ቁልቁለቱን የወረደችው፣ ገብሱን የቆላችው እርሷ ናት፤ ሐኪሞች ዛሬ «እህሉን ሳታነጡ ብሉ፣ ስኳርና ዘይት ቀንሱ፣ በእግራችሁ ሂዱ» ሲሉ የሚነግሩን ከእርሷ ኑሮ የተረፈውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እጦቱ ነበር፤ እርሱን ማንም እንዲመለስ አይመኝ። ልጁ የፋሲካውን ዶሮ ከእናቱ ጋር ይብላ። ክብደቱን መቀነሱንም ይቀጥል፤ ነገር ግን በቀስታ፣ ገላውን ክፉ ቀን መጣ ብሎ እንዳያስደነግጠው።